«ይበቃኛል» ማለትን መማር፦ የረካ ልብ ደረጃ በደረጃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ራት ላይ ስልኬ ጮኸ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ወጣልኝ! ስሜ ወጣ!» ይላል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። በአንድ ሰሞን ተመዝግበን ለዓመታት አብረን ስንቆጥብ ኖረናል። የእኔ ስም አልወጣም።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጣ፣ ከልቤ ግን አልወጣም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሽሮዬ ስመለስ መጉረስ አቃተኝ። ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። ጥግ ላይ ዝናብ ያስገባበት ቡናማ እድፍ አለ። ሁለት ክረምት አብሮኝ የኖረ እድፍ ነው። ያን ማታ ግን ገና ያየሁት መሰለኝ። ከአሥር ደቂቃ በፊት ቤቱ ቤቴ ነበር፤ አሁን የሰው ቤት ሆነብኝ። ሽሮው ያው ሽሮ ነው። ኪራዩም ያው ኪራይ ነው። ሰው አገኘ እንጂ እኔ ምንም አላጣሁም። ልቤ ግን እንደተዘረፈ ሰው ሆነ።

ከዚያ ማታ በኋላ የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች የማካፍላችሁ። ተማርኩ ስል ጨረስኩ ማለቴ አይደለም። እኔ ኦርቶዶክሳዊ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ ለሆናችሁም አብዛኛው የሚሠራ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ብሎ ጽፏል (ፊልጵ. 4፥11)። ሲጽፍ እስር ላይ ነው። የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለት ስለ ስጦታው የሚያመሰግንበት ቦታ ላይ ነው ይህን ያለው። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው «ተምሬአለሁ» የምትለው ላይ ነው። «ጠባዬ ነው» አላለም። ተማረ። የተማረ ሰው ደግሞ ያልቻለበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው። በተፈጥሮው የተረጋጋ ሰው አይደለሁማ።

ሌላው ነገር አማርኛችን ውስጥ ያለ ነው። ማዕድ ላይ ስንጠግብ «በቃኝ» እንላለን። በጸሎትና በተጋድሎ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰን አባት «የበቃ አባት» እንለዋለን። ከመከራ ወጥተን ለወግ ለማዕረግ ስንደርስ ደግሞ «ለዚህ ያበቃኝ አምላክ ይመስገን» እንላለን። ግሡ አንድ ነው። በእኛ ቋንቋ «ይበቃኛል» የሚለው ቃል ከመቅረት ጋር ሳይሆን ከመድረስ ጋር ነው የተዛመደው። ብዙ ሰው ግን ሲሰማው «ተስፋ ቁረጥ» የተባለ ይመስለዋል። እንደዚያ እየተሰማን ከጀመርን ሩቅ አንሄድም።

አንደኛ፦ ልብ የሚጎድልበትን ቦታ በስሙ ጥሩት

ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ያዙ። ልባችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ወይም የሰማችሁትን፣ «ጎደለኝ» ያላችሁትን። ራሳችሁን አትውቀሱ። አሁን ሥራችሁ መጻፍ ብቻ ነው።

የእኔ ደብተር አስደነገጠኝ። «ችግሬ ገንዘብ ነው» ብዬ ነበር የማስበው። ሳምንቱ ሲያልቅ ገንዘብ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተጻፈው። ሌላው ሁሉ «እኩዮቼ ቀደሙኝ» የሚል ነበር፣ በተለያየ አነጋገር። ሰዓቱ ደግሞ በአብዛኛው ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ አልጋ ላይ፣ ስልክ ይዤ።

በዚያው ሳምንት ኦሪት ዘጸአት 20፥17ን ገልጬ አነበብኩ። «አትመኝ» የሚለው ትእዛዝ ነው። በምን እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? በቤት። «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ።» ከዚያ ነው ሚስት፣ ሎሌ፣ በሬ፣ አህያ የሚመጣው። ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ገባኝ። ትእዛዙ «ቤት አትፈልግ» አይልም። ቤት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። የሚከለክለው የባልንጀራን ነው። እኔ ያን ማታ ቤት አልነበረም ያማረኝ። የእሱ ቤት ነው ያማረኝ፣ የእሱ ዕጣ፣ የእሱ ደስታ።

ደብተሩ ሲሞላ ለንስሐ አባታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «አባ፣ ቅናት አለብኝ» ማለትና «አባ፣ ጓደኛዬ ቤት ስለደረሰው ራቴን መብላት አቃተኝ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ይለዋል። ሁለተኛውን ስትናገሩ ፊታችሁ ይቀላል፣ ከዚያ ግን ይቀላችኋል።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ከስልክ በፊት በአኰቴት (በምስጋና) ጀምሩ

ብዙዎቻችን ዓይናችን ሲገለጥ እጃችን ስልክ ላይ ነው። ገና ፊታችንን ሳንታጠብ የስንቱን ሠርግ፣ መኪና፣ ምረቃና ጉዞ እናያለን። ልብ ይህን ሁሉ በባዶ ሆዱ ነው የሚውጠው። ስለዚህ ስልኩ ከአልጋው ይራቅ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ በሩ ሥር ይደር። ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ጸሎተ አኰቴት። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግን፣ ብሎ የሚጀምረው ነው። የግብፅ ኦርቶዶክሳውያንም የየሰዓቱን ጸሎት በዚሁ ይጀምራሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ምን እንደሚል ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። እግዚአብሔርን የምናመሰግንበትን ምክንያት ሲዘረዝር አንድም ዕቃ አይጠራም። ግሥ ብቻ ነው። ከደነነ፣ ሸፈነን። ረድአነ፣ ረዳን። ዐቀበነ፣ ጠበቀን። አቅረበነ፣ አቀረበን። ተወክፈነ፣ ተቀበለን። አጽንዐነ፣ አጸናን። አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን።

ቤት የለበትም። ደመወዝ የለበትም። ባለ ፎቁም ተከራዩም፣ ጤነኛውም የሆስፒታል አልጋ ላይ ያለውም እኩል ሊለው የሚችል ምስጋና ነው። እኔ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ያለኝን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያለውን የሚቆጥር ሰው ግን ወዲያው የሌለውንም ይቆጥራል። እግዚአብሔር ያደረገለትን የሚቆጥር ሰው ሌላ ዓይነት ሒሳብ ነው የሚይዘው።

አሠራሩ ይህ ነው። ጸሎቱን ሙሉውን አድርሱ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ግሥ ይዛችሁ ቁሙ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሰባት ግሦች፣ ሰባት ቀን። ሰኞ «ሸፈነን» ከሆነ፣ ከምን ሸፈነኝ ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ የመጀመሪያው ሰኞ መልሱ ከባድ ነበር፦ ሰው ያላየው የእኔ ነውር። ማክሰኞ «ረዳን» ከሆነ፣ በማን እጅ ረዳኝ? ሰውየውን አስቡና በዚያው ቀን ደውሉለት፣ ካልሆነም መልእክት ላኩለት። አንድ መልስ ይበቃል፤ አሥር አትፈልጉ። መልሱ ግን በዓይን የሚታይ ይሁን። «ስለ ጤናዬ ተመስገን» ጥሩ ነው፣ ግን ልብ በላዩ ያልፋል። «ትናንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላዋን ያካፈለችኝን ሴት ስለላክልኝ» ስትሉ ልብ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴን «እንዴት አደሩ?» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ እንደማንኛችንም። ስትል ግን ትንሽ ጎንበስ ትል ነበር። ወገቧን እያመማትም ጎንበስ ትላለች። ማን እንደሚሰማት የምታውቅ ሰው ነበረች። እኛ ቃሉን ጠብቀነዋል፤ ጎንበስ ማለቱን ግን ጥለነዋል። ስለዚህ ስትጸልዩ ቁሙ፣ ወደ ምሥራቅ ዙሩ፣ የቻላችሁ ስገዱ። ጉልበት የሚያስተምረውን አንዳንዴ አእምሮ አያስተምረውም።

ሦስተኛ፦ «ለዛሬ» የምትለው ቃል ላይ ቁሙ

አባታችን ሆይ ውስጥ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» እንላለን። የዕለት ብለን፣ ደግሞ ለዛሬ እንላለን። ሁለቴ ነው አጥሩ የታጠረው። የእኛ ጭንቀት ግን አብዛኛው የነገ፣ የከርሞ፣ የጡረታ ነው።

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ ለነገ ያተረፉት ተላ፣ ሸተተም (ዘጸ. 16)። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «መቆጠብ እምነት ማጣት ነው» ይላል። አይደለም። በስድስተኛው ቀን የሁለት ቀን ልቀሙ ተብለው የለቀሙት አልተላም። ዮሴፍም በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው በእግዚአብሔር ምክር ነው። የተላው በፍርሃት የተደበቀው ነው። እኔም እስከ ዛሬ እቆጥባለሁ። ገንዘቡን ስቆጥብ ልቤን አብሬ ባንክ ላለማስገባት ነው ትግሌ።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ነገ በእጃችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን አንድ ነገር አስምሩበት። አንድ ብቻ። የተቀረውን ይዛችሁ አባታችን ሆይ በሉ፤ «ለዛሬ» ላይ ስትደርሱ ትንፋሽ ውሰዱ። ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ሥር አድርጉት። ለአንዳንዱ ሰው ይህ የልጅ ሥራ ይመስለዋል። ለእኔ ግን እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

አራተኛ፦ ጾሙን ለዚህ ተጠቀሙበት

ቤተ ክርስቲያን «በቃኝ» ማለትን የምታስተምርበት ትልቁ ትምህርት ቤት ጾም ነው ብዬ አምናለሁ። ረቡዕና ዓርብ አለን። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም አለን። ነነዌ፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት አለን። ዓመቱን ሙሉ ሰውነታችን «አምሮኛል ግን ይቆየኝ» ማለትን ይለማመዳል። ሥጋ ፊቱ ቀርቦ «ዛሬ ረቡዕ ነው» ብሎ ያለ ቁጣ የሚያልፍ ሰው እኮ ትልቅ ነገር እየሠራ ነው። ያማረውን ሁሉ ማግኘት ግዴታ እንዳልሆነ በሆዱ አውቋል።

ችግሩ ይህን ጥበብ ሆዳችን ላይ አስቀርተን ዓይናችንን መርሳታችን ነው። በዐቢይ ጾም ከቅዱስ ያሬድ የምንሰማው «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» የሚል ነው። ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም። ለዘመናችን ዓይን የሚጾመው ምን እንደሆነ የሚጠፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። ረቡዕና ዓርብ ከቲክቶክና ከፌስቡክ ጹሙ። የሥራ መልእክት ካለ በቴሌግራም ተመልክታችሁ ውጡ። የጾሙ ሰዓት ሲፈታ እንኳ ወዲያው አትሩጡበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጅ ያሳክካል። በአራተኛው ሳምንት ግን የሰው ፎቶ ማየት ራሱ ደከመኝ። አንድ ቀን ዓረብ አገር ያለች ዘመዴ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «ያን በቀይ ቀሚስ የተነሣሁትን አይተህ ቀናሁ አልክ? የአሠሪዬ ቀሚስ ነው እኮ፤ ልሰቅለው ስል ነው የተነሣሁት።» እሷ ደግሞ እዚህ ቤተሰብ አብሮ ቡና ሲጠጣ ፎቶ ስናወጣ አልቅሳ ታድራለች። እኛ በእሷ ቀሚስ፣ እሷ በእኛ ጀበና።

ስለ ምግቡ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ መድኃኒት የምትወስዱ በራሳችሁ ፈቃድ ብቻ አትወስኑ። ከሐኪማችሁና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። የዓይንና የአንደበት ጾም ግን ለማንም አይከለከልም።

አምስተኛ፦ የማትፈልጉትን ሳይሆን የምትወዱትን ስጡ

ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ስለ ጾም ሲናገር «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ይላል። በጾም ቀን ያልተበላው ቁርስ የት ገባ? ኪሳችን ውስጥ ከቀረ ጾሙ ቁጠባ ሆነ። ቁርስ የምትበሉበትን ብር በኤንቨሎፕ አስቀምጡና በወሩ መጨረሻ ስጡት። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏልና በዝምታ ይሁን።

ስለ ምጽዋት ብዙ ተብሏል፤ አላረዝመውም። አንድ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ቁም ሣጥን ሲጨናነቅ የማይፈለገውን ልብስ መስጠት ቤት ማጽዳት ነው። ልብ የሚላቀቀው «ይቺን እንኳን እወዳታለሁ» የምትሉትን ስትሰጡ ነው። አንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዕቃ ስትይዙ የእጃችሁ አያያዝ ራሱ ይለወጣል።

ስድስተኛ፦ በቀናችሁበት ሰው ስም ጸልዩ

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ቀን አልገሠጹኝም። «የክርስትና ስሙን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም። «ጠይቀው። ከዚያ አርባ ቀን በጸሎትህ አንሣው። ቤቱን እንዲባርክለት ለምን።» ይኸው ነው።

ደውዬ ስጠይቀው ግራ ገባው። «ለምን ፈለግከው?» አለኝ። «በጸሎቴ ላስብህ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ነገረኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ቤቱ እንደደረሰው የሰማ ሰው ሁሉ ብድር እየጠየቀው እንደሆነ፣ ቅድመ ክፍያውን ከየት እንደሚያመጣ ጨንቆት ሚስቱም እንቅልፍ እንዳጣች አወራኝ። እኔ በእሱ ዕጣ ራት ያቃተኝ ማታ እሱም ራቱን አልበላም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ጸሎቱ ከምላሴ አልወረደም። «ባርክለት» እላለሁ፣ ሆዴ «ለእኔስ?» ይላል። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ሁለቱንም ንገረው። መጀመሪያ ግን ለእሱ» አሉኝ። በሃያኛው ቀን አካባቢ ይመስለኛል፣ ሳላስበው ስለ ቤቱ መስኮት ጸለይኩ። ፀሐይ እንዲገባበት። ለሰው ቤት መስኮት ስጸልይ ራሴን ያዝኩት። ያኔ ነው ከልቤ የሆነ ነገር እንደለቀቀ ያወቅኩት። «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ» (ሮሜ 12፥15) የሚለው ቃል ከሚያለቅሱ ጋር ከማልቀስ በፊት ነው የተጻፈው። ከሁለቱ የሚከብደው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ለልቅሶማ ሁላችንም እንደርሳለን።

ስለዚህ አድርጉት። ደብተራችሁ ውስጥ ስሙ የበዛውን ሰው ምረጡ። የክርስትና ስሙን ጠይቁ። አርባ ቀን። ከቻላችሁ አንድ ጊዜ በአካል ሄዳችሁ «እንኳን ደስ አለህ» በሉት።

እዚህ ላይ እንዳይምታታ

ይህን ትምህርት ለሰው ጭቆና መሣሪያ ሲያደርጉት አይቻለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሠራተኛዋን በትንሽ ብር የሚያሠራ ሰው «ያለሽ ይብቃሽ» ሲላት፣ ባሏ የሚመታትን ሴት «ቻይው፣ ተመስገን በይ» ሲሏት ይህ የወንጌል ቃል አይደለም።

መጥምቁ ዮሐንስ «ይብቃችሁ» ያለው ለማን እንደሆነ አንብቡ። ሉቃስ 3፥14 ላይ ነው። «በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» ያለው ለጭፍሮች ነው። መሣሪያ ለያዙት፣ መንጠቅ ለሚችሉት። ልብስ ለሌለው ሰው «ይብቃህ» አላለም። ሁለት ልብስ ያለውን «ለሌለው አካፍል» ነው ያለው። ጳውሎስም ቢሆን «ይበቃኛል» ያለው ስለ ራሱ ነው። ለራስ ሲባል ጸሎት የሚሆነው ቃል፣ ከላይ ወደ ታች ለተራበ ሲወረወር ድንጋይ ይሆናል።

ሥራ መፍታትም እርካታ አይደለም። የዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ ገብር ኄር (በጎ አገልጋይ) ይባላል፤ ስሙም ከመክሊቱ ምሳሌ የመጣ ነው። መክሊቱን ቀብሮ የመለሰው አገልጋይ «ይበቃኛል» ያለ ሰው አልነበረም፣ የፈራ ሰው ነበር። ትምህርታችሁን ተማሩ፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ ንግዳችሁን አስፉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ባይሳካስ፣ እግዚአብሔር ለእኔ ያው እግዚአብሔር ነው?

ሰባተኛ፦ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አልቅሱ

የሚከብደኝ ክፍል ይህ ነው። ልጅ የሞተበት አለ። ለዓመታት ልጅ የለመነ አለ። ከቤቱ የተፈናቀለ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ደብተርና ኤንቨሎፕ ይዤ መቅረብ አልደፍርም።

ጳውሎስ የሥጋ መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። «ጸጋዬ ይበቃሃል» (2ኛ ቆሮ. 12፥9) የሚለው መልስ የመጣለት ከለመነ በኋላ ነው። ከልመናው በፊት ዝም በል አልተባለም። «ይበቃሃል» የሚለውን ቃል በቁስላችን ላይ ሊናገር የሚችለው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሲናገርም ራሱን እየሰጠ ነው የሚናገረው፣ «ጸጋዬ» እያለ። ዳዊትን ግለጡ። «አቤቱ፣ እስከ መቼ?» የሚለው ስንት ቦታ እንዳለ ታያላችሁ። ያለቀሰ ሰው እምነቱ አልጎደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን አስቡ። የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። ተሰደደ። ከስደት ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ብርዱ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሆዱ ሳይደብቅ ነግሯታል። እ.ኤ.አ. በ407 እየነዱት ሲወስዱት መንገድ ላይ ኮማና አጠገብ ዐረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉ ነገር ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» የሚል ነበር። ስለ ብርዱ የተናገረውም ይህን ያለውም አንድ አፍ ነው።

ኀዘኑ ሳምንታት አልፎ ከአልጋ መነሣት ከከለከላችሁ፣ መብላትና መተኛት ካቃታችሁ፣ ወይም መኖር አስጠልቷችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል። እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ

ሁሉንም ባንድ ቀን አትጀምሩ። በመጪው ሰኞ ደብተሩን ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን በሩ ሥር አሳድሩና በአንድ ግሥ ጸልዩ። የማታው ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት ይምጣ። ከዚያ ረቡዕና ዓርብ የዓይን ጾም ጨምሩ፣ ኤንቨሎፑም ከእሱ ጋር። አርባውን ቀን ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጀምሩት፤ ብቻውን ይከብዳል።

ቀን ብታሳልፉ «ተበላሸ» ብላችሁ ከሰኞ እንደገና አትጀምሩ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። እኔ አሁንም የማሳልፋቸው ቀናት አሉ። የቤት ዕጣም አልወጣልኝም። ኮርኒሱ ጥግ ያለውም እድፍ እዚያው ነው፤ ዘንድሮ ትንሽ ሰፍቷል። አከራዬን ቆርቆሮውን እንዲያስጠግኑልኝ ጠይቄያቸው «ከክረምቱ በፊት» ብለውኛል። ጓደኛዬ ቤቱን ሲመርቅ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጃለሁ። ሳሎኑ መስኮት ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባል።